ጥርስ ሕክምና ለመግባት የትኛውን ፈተና ልዘጋጅ? (ከመንዝ)

የመሐል ሜዳ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። መሐል ሜዳ የ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነኝ፤ ዘንድሮ ተፈታኝ ነኝ። ልቤ ያለው ጥርስ ሕክምና ላይ ነው።

እኛ ጋ ጥርሱን ያመመው ሰው መጀመሪያ ቅርንፉድ ይነክሳል፣ ቀጥሎ ነጭ ሽንኩርት፣ ቀጥሎ ከሱቅ ማስታገሻ ገዝቶ ይውጣል። ፊቱ አብጦ ዓይኑ ሲከደን ነው ደብረ ብርሃን የሚወሰደው። የአክስቴ ባል እንደዚያ ሆኖ፣ አፉን መክፈት አቅቶት በቀጭን አጥሚት ሰንብቶ፣ በስንት መከራ ነው የዳነው። ሐኪሙ «መቆርቆር ሲጀምርህ ብትመጣ ኖሮ ጥርሱ ተሞልቶ ይቀመጥ ነበር» ብሎታል። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሙያ አስቤ አላውቅም።

ጥያቄዬ ይኸውላችሁ። ቴሌግራም ላይ «የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና» የሚል ፋይል አግኝቼ አወረድኩ። ባዮሎጂና ኬሚስትሪ አለበት። ግን ደግሞ ወረቀት ታጥፎ ሲበሳና ሲዘረጋ ቀዳዳው የት የት ላይ እንደሚሆን፣ የተደራረቡ ኩቦች ቀለም ሲቀቡ ስንት ገጻቸው እንደሚነካ፣ የትኛው ማዕዘን እንደሚጠብ የሚጠይቅ ብዙ ገጽ አለው። መምህሮቼን ሳሳያቸው አይተውት አያውቁም። እኛ አገር ጥርስ ሕክምና ለመግባት ይህን ነው የምንፈተነው? ለማትሪክ ከማጠናው ላይ ቀንሼ ለዚህ ጊዜ ልስጥ?

ሌላው፣ ግራኝ ነኝ። ይህ ያግደኛል?

ጎንደር ዴንቲስትሪ

እህቴ፣ ፋይሉን ዝጊው። የአሜሪካ ፈተና ነው። እኛ አገር «የጥርስ ሕክምና መግቢያ» ተብሎ ለብቻው በአገር ደረጃ የሚሰጥ ፈተና የለም። መንገዱ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና፣ ከዚያ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ፣ ከዚያ ፍሬሽማን (የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት)፣ ከዚያ የዲፓርትመንት ምደባ ነው። ማታ ላይ ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ፤ አሁን ክሊኒክ ልገባ ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

ልጄ፣ ያወረድሽው ነገር ዲኤቲ ይባላል። የወንድሜ ልጅ እዚህ ሜሪላንድ ተፈትናበት ነው የገባችው፤ ስትዘጋጅ አብሬያት ስለነበርኩ በደንብ አውቀዋለሁ። እንዳትጨነቂበት ምን እንደሆነ ልንገርሽ።

አሜሪካ ውስጥ ጥርስ ሕክምና የሚገባው አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የኮሌጅ ዲግሪውን ይዞ ነው፤ ዲኤቲ የሚፈተኑትም እነዚያ ናቸው። አራት ክፍል አለው። የተፈጥሮ ሳይንሱ 100 ጥያቄ ነው፦ ባዮሎጂ 40፣ ጄኔራል ኬሚስትሪ 30፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ 30፤ በ90 ደቂቃ። አንቺ ያየሽው የኩብና የወረቀት ነገር ሁለተኛው ክፍል ነው፤ 90 ጥያቄ በ60 ደቂቃ። ከዚያ የንባብ ግንዛቤ 50 ጥያቄ፣ ከዚያ የሒሳብ 40 ጥያቄ። ውጤቱ ድሮ ከ1 እስከ 30 ነበር የሚሰጠው፤ ከ2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከ200 እስከ 600 ሆኗል።

ኩቡን የሚጠይቁት ያለ ምክንያት አይደለም። ጥርስ ሐኪም ጠፍጣፋ የራጅ ምስል አይቶ ሥሩ ወደየት እንደታጠፈ በአእምሮው መሳል አለበት። ካናዳ ደግሞ ለብዙ ዓመታት ተፈታኙን በቢላ ሳሙና ያስቀርጹት ነበር፤ ሥዕል ተሰጥቶት፣ ልኩ ተነግሮት፣ ከሳሙናው ቅርጽ ማውጣት። አሁን አቁመውታል።

ላንቺ የሚጠቅምሽ ነገር አንድ ብቻ ነው፦ እዚያው አገርሽ ተምረሽ ብትመረቂ በሩ ለዘላለም አይዘጋብሽም። ከውጭ ተመርቀው የመጡ ጥርስ ሐኪሞች እዚህ የሚፈተኑት ዲኤቲን ሳይሆን አይኤንቢዲኢ የሚባለውን የቦርድ ፈተና ነው፤ ከዚያ አብዛኞቹ እዚህ ትምህርት ቤት ገብተው ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ይማራሉ። እሱ የሩቁ ነገር ነው። አሁን ማትሪክሽን ያዢ።

መምህር ከእነዋሪ

የባዮሎጂ መምህር ነኝ። በዚህ ላይ መናገር የምፈልገው ብዙ ነው፤ በየዓመቱ ሐኪም እሆናለሁ ብለው የሚመጡ ጎበዝ ልጆች የሚወድቁበትን ቦታ ስለማውቀው።

መጀመሪያ እውነታውን እናስቀምጠው። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ማለፊያውን፣ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ፣ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 ከመቶ ናቸው። በአገር ደረጃ ማለት ነው። በእኛ ዞን ደግሞ ትምህርት ቤት የሚዘጋበትና የሚከፈትበት፣ መምህርና ተማሪ መንገድ ላይ የሚቀርበት ጊዜ አልፏል። ያን ሁሉ ተሻግራ እዚህ መጥታ «ለየትኛው ፈተና ልዘጋጅ» ብላ የምትጠይቅ ልጅ ሳይ ደስታዬ ወሰን የለውም።

የተፈጥሮ ሳይንስ ተፈታኝ ስድስት ትምህርት ይወስዳል፦ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና አፕቲትዩድ (የማመዛዘን ችሎታ ፈተና)። እያንዳንዱ ከ100፣ ድምሩ ከ600። ሐኪም መሆን የሚፈልግ ልጅ ሁሉ ዓመቱን ሙሉ ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ላይ ተደፍቶ ይከርማል። ባዮሎጂ የምወደው ትምህርቴ ነው፤ ግን ስሚኝ ልጄ፣ እንግሊዝኛና አፕቲትዩድ ሁለቱ ብቻ ከ600ው 200ውን ይይዛሉ። ሲሦው ማለት ነው። አፕቲትዩድ ደግሞ በክፍለ ጊዜ ፕሮግራም ላይ የለም፤ የሚያስተምረው መምህር የለም፤ ልጆቹ ፈተናው ላይ ነው የሚያዩት። እዚህ ላይ የሚገኘው ነጥብ ከማንኛውም ትምህርት በቀለለ ጊዜ የሚገኝ ነው። የቀደሙ ዓመታት ጥያቄዎችን ፈልገሽ፣ ሰዓት ይዘሽ፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ሥሪ። በአንድ ቀን አምስት ሰዓት ከመቀመጥ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ይበልጣል።

እንግሊዝኛው ላይ ሰዋስው ሸምድዶ መግባት ብዙ አያስኬድም። ምንባብ ነው የሚጥለው። ጊዜ ይበላል። የባዮሎጂ መጽሐፍሽን ራሱን እንደ እንግሊዝኛ ምንባብ አንብቢው፤ አንቀጹን ጨርሰሽ ዝጊና ምን እንዳለ በራስሽ ቃል ጻፊ። በአንድ ድካም ሁለት ትምህርት ታጠኛለሽ።

ባዮሎጂ ላይ ዘረመልን (ጄኔቲክስ) አትዝለዪ። ልጆች ስለሚፈሩት ይዘሉታል፤ ከፈተናው ግን ቀርቶ አያውቅም። ከየትኛው ክፍል መጻሕፍት እንደሚወጣ ትምህርት ሚኒስቴር በየዓመቱ በማስታወቂያ ይናገራል፤ ሥርዓተ ትምህርቱ ስለተቀየረ ማስታወቂያውን ሳታነቢ ጥናትሽን አታቅጂ።

የመሐል ሜዳ ልጅ

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። አፕቲትዩድን እስካሁን አልነካሁትም። ከዛሬ ጀምሮ አብረውኝ ከሚያጠኑት ልጆች ጋር እንጀምራለን።

ጋሼ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ እርስዎንም አመሰግናለሁ። ፋይሉን አጥፍቼዋለሁ።

ጎንደር ዴንቲስትሪ

እንዳልኩት ተመልሻለሁ። መምህር ስለ ማትሪኩ የሚባለውን ብለውታል፤ እኔ ከማትሪክ በኋላ ስላለው ልናገር። ብዙ ልጅ ነጥብ እያለው ጥርስ ሕክምና የሚያመልጠው እዚያ ነው።

ውጤት ሲወጣ በመጀመሪያ የምትመርጪው ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ዲፓርትመንት አይደለም። ዲፓርትመንት የሚመረጠው ፍሬሽማን ከተማርሽ በኋላ በተመደብሽበት ዩኒቨርሲቲ ካሉት ውስጥ ነው። ጥርስ ሕክምና ደግሞ በሁሉም ዩኒቨርሲቲ የለም። አዲስ አበባ፣ ጅማና ጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች ያስተምራሉ። ቤተሰቤ ቅርብ ነው፣ ጓደኛዬ እዚያ ነው ብለሽ ጥርስ ሕክምና የሌለበትን ከላይ ከሞላሽ፣ ፍሬሽማን ላይ 4 ነጥብ ብታመጪም ምርጫው ውስጥ አታገኚውም። ዝውውር ደግሞ ተስፋ የሚጣልበት ነገር አይደለም። ስለዚህ ምርጫሽን በምትሞዪበት ቀን ጥርስ ሕክምና የሚሰጡትን ከላይ ደርድሪ። ለኔ ከፈተናው እኩል የሚከብደው ቀን እሱ ነው፤ ልጆች ግን ኢንተርኔት ቤት ቆመው በአምስት ደቂቃ ሞልተውት ይወጣሉ።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ከፈለግሽ ለብቻው ነው። ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ፣ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል፤ ዩኤቲ ይሉታል። ማትሪኩን ያለፈ ነው የሚፈተነው። የማመዛዘን ችሎታን የሚለካ ስለሆነ አሁን የምትሠሪው አፕቲትዩድ እዚያም ይከፍልሻል። ምዝገባው የራሱ ቀን ስላለው ከዩኒቨርሲቲው ገጽ ተከታተዪ።

ቀጥሎ ፍሬሽማን። እባክሽ ይህን ልብ በዪ። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በመጀመሪያው ሴሚስተር ባዮሎጂና ኬሚስትሪ የለም። የሚጠብቁሽ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ጂኦግራፊ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስና እንግሊዝኛ ናቸው። ጀኔራል ባዮሎጂና ኬሚስትሪ በሁለተኛው ሴሚስተር ይመጣሉ። «እኔ የመጣሁት ለጤና ነው» ብሎ ሎጂኩን የናቀ ልጅ ጂፒኤው (አማካይ ውጤቱ) በመጀመሪያው ሴሚስተር ይሰበራል፤ ሁለተኛው ላይ ቢሮጥም አይደርስበትም። ለምደባ የፍሬሽማን ውጤትና የማትሪክ ውጤት ይደመራል፤ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲ ለጤና ዲፓርትመንቶች የራሱን ፈተና ይጨምርበታል። ክብደቱ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ግቢ በገባሽ ሳምንት ሬጅስትራር ሄደሽ መመሪያውን አንብቢ። ሲኒየር ነግሮኛል ብለሽ አትቀመጪ።

የሸዋ ሮቢት ልጅ

50 ከመቶ ካልመጣስ? ጥርስ ሕክምና አበቃ ማለት ነው?

ጎንደር ዴንቲስትሪ

አላበቃም ወንድሜ። ሪሜዲያል (ማለፊያውን ላላመጡ የሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት) ከገባህ በዩኒቨርሲቲው የሚሰጠው ምዘና 30 ከመቶ፣ ከማዕከል የሚመጣው ፈተና 70 ከመቶ ይያዝልሃል። ያን ካለፍክ ፍሬሽማን ትገባለህ፤ ከዚያ በኋላ በፍሬሽማን ውጤትህ ትወዳደራለህ። አንድ ዓመት ይረዝምብሃል እንጂ በሩ አልተዘጋም።

ጣርማ በር

ለእህታችን በቅንነት አንድ ነገር ልበል። ያን ያህል ነጥብ የምታመጣ ልጅ ለምን ሜዲሲን አትገባም? ጥርስ ማለት አንድ አካል ነው። ሜዲሲን ብትማሪ ቀዶ ሕክምና አለ፣ ሕፃናት አለ፣ ማህፀን አለ። ደግሞ እዚሁ ደብረ ብርሃን በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም የተሰየመው ካምፓስ አለልሽ፤ ከመሐል ሜዳ ስንቅ ተቋጥሮ የሚላክበት ቦታ ነው። ለቤተሰብም ይቀላል። ጥርስ ሐኪም የሚባለው ነቅሎ የሚሰድ ሰው ነው ብሎ የሚያስበው ሕዝባችን ብዙ ነው፤ ክብሩም እኩል አይደለም።

የጥርስ ሐኪም፣ ደብረ ሲና

ወንድሜ ጣርማ በር፣ ለልጅቷ አስበህ እንደጻፍከው ይገባኛል። ግን አልስማማም፤ ለምን እንደሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፍ። ሙያዬ ስለሆነ ዝም ማለት አልችልም።

የመጀመሪያው ነገር ሕፃናት ናቸው። ገጠር ውስጥ ሕፃን ተቅማጥና ትኩሳት ሲይዘው «የወተት ጥርስ ነው» ተብሎ ድዱ በሹል ነገር ይበጣል። ተቆፍሮ የሚወጣውን ነጭ ነገር አዋቂ ነኝ ባዩ ለእናትየዋ ያሳያታል፤ እሷም በሽታው ወጣ ብላ ታምናለች። የወጣው ግን ገና ያልጠነከረ የክራንቻ ጥርስ ቡቃያ ነው። ሕፃኑ ይደማል፣ ይመረቅዛል፣ ባልጸዳ ብረት ቴታነስ ሊይዘው ይችላል፤ ተቅማጡ ደግሞ የሚያስፈልገው ፈሳሽና ጨው ነበር። ከዓመታት በኋላ ያ ልጅ እኔ ጋ ሲመጣ ክራንቻው የለም፣ ወይም ከሥር የሚመጣው ቋሚ ጥርስ ተጎድቶ ተጣሞ ወጥቷል። አፉን ከፍቼ ሳይ ሕፃን ሳለ ምን እንደተደረገበት እናቱ ሳትነግረኝ አውቃለሁ። ይህን የሚያስቆም ሰው የሚያስፈልገው መንዝ ውስጥ ነው፣ ይፋት ውስጥ ነው። የአገሬውን ቋንቋና ልማድ የምታውቅ፣ እናቶች እንደ ልጃቸው የሚሰሟት ሐኪም ከዚያው ካልወጣች ከየት ትመጣለች?

ሁለተኛ፣ «ነቅሎ የሚሰድ» ስላልከው። ሰው ዘግይቶ ስለሚመጣ እንነቅላለን እንጂ የምንማረው ማዳን ነው። የጥርስ ነርቭ ሕክምና፣ ሙሌት፣ የድድ ሕክምና፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ የሕፃናት ጥርስ። የአፍ፣ የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሕክምና ደግሞ የጥርስ ሐኪም ስፔሻሊቲ ነው፤ በአገራችንም ይሰጣል። በመኪና አደጋ መንጋጋው የተሰበረ፣ ከንፈሩ ተሰንጥቆ የተወለደ፣ መንጋጋው ላይ ዕጢ ያደገበት ሰው የሚሄደው ወደዚያ ነው። የልጅቷን የአክስት ባል ያስታመመው ሕመም ራሱ፣ ወደ አንገት ከወረደ ትንፋሽ ይዘጋል፤ ሰው በጥርስ ይሞታል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ፣ እህቴ። ግራኝነት አያግድም። እውነት ነው፣ የሕክምና ወንበሩና የመሣሪያው ክንድ አብዛኛውን ጊዜ የተሠራው ለቀኝ እጅ ነው፤ አንዳንዱ ወንበር ይገለበጣል፣ አንዳንዱ አይገለበጥም። አቀማመጥሽን ቀድመሽ ለአስተማሪዎችሽ ንገሪ። ግራኝ ሆነው ጥሩ ጥሩ ሥራ የሚሠሩ ባልደረቦች አሉኝ።

እጅ ግን ይለማመዳል። ጀማሪ ሳለን ከሰም ጥርስ እንቀርጻለን። መንጋጋ ጥርስ አናቱ ላይ ስንት ጉብታ እንዳለው፣ ሸለቆው ወደየት እንደሚሄድ፣ በሚሊሜትር ይለካል። ከዚያ አርቲፊሻል ጭንቅላት ላይ እንሠራለን፤ እዚያ ላይ ነው ብዙ ልጅ የሚደናገጠው፤ ምክንያቱም የላይኛውን መንጋጋ የምታዪው በትንሿ መስታወት ነው። ወደ ፊት ስትገፊ መስታወቱ ወደ ኋላ ያሳይሻል፤ በእጅሽ ያለው መቦርቦሪያ ደግሞ በደቂቃ ከ300 ሺህ ዙር በላይ የሚሽከረከር ነው። አእምሮ እስኪለምደው ጊዜ ይወስዳል፣ ከዚያ ይለምደዋል። እስከዚያ ጥልፍ የምትጠልፊ ከሆነ አትተዪው። ጣት የሚፈታ ሥራ ሁሉ ይጠቅማል።

የሚከብደውንም ልደብቅሽ አልፈልግም። ትምህርቱ ከአምስት ዓመት በላይ ነው። መጨረሻው ላይ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁሉም ተመራቂ የመጣው የመውጫ ፈተና አለ፣ ከዚያ የጤና ሚኒስቴር የሙያ ፈቃድ ፈተና አለ። ስለዚህ «መግቢያ ፈተና» ብለሽ የምታስቢው ነገር እስከ መጨረሻው አብሮሽ ይሄዳል። ተመርቀውም የመንግሥት ቅጥር የሚጠብቁ ሐኪሞች አሉ። የራስ ክሊኒክ ለመክፈት ወንበሩ፣ ኮምፕረሰሩ፣ ማምከኛው፣ ራጁ ብዙ ገንዘብ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ከመስታወትና ከመንቀያ በቀር ሁሉም ይቆማል። ይህን አውቀሽ ግቢ። አውቃ የገባች ልጅ መሀል ላይ አትሰበርም።

አረርቲ

ዶክተር ያሉት ላይ ልጨምር። እኛ ከሚንጃር ወደ ታች ስንወርድ በአንድ በኩል መተሐራ፣ በሌላ በኩል ወንጂ፣ ልጆቹ ጥርሳቸው ቡናማ ነው። ውኃው ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ከዚያ በላይ ናቸው። ጥርሱ ድድ ውስጥ ሲሠራ የሚገባ ቀለም ስለሆነ በብሩሽም በመፋቂያም አይለቅም። እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው የሚስቁ ሴት ልጆች አሉ፤ አፋቸውን አላጠቡም ተብለው ይሰደባሉ። አንቺ ተምረሽ ስትመጪ ለነሱም የምታደርጊው ብዙ ነው።

ጣርማ በር

ዶክተር፣ አሳምነውኛል። የወተት ጥርሱን ነገር የእኔም እናት ቤት አይቼዋለሁ፤ በሽታ ነው ብዬ ነበር የማምነው። እህቴ፣ በርቺ።

እናት ከሞላሌ

እኔም የምጠይቀው አለኝ። ልጄ አምና ተፈትኖ ነጥብ አልሞላለትም። ከተማ ያለ አንድ የግል ኮሌጅ «ገንዘብ ክፈሉ እንጂ ነጥቡ ችግር የለውም፣ የጥርስ ሐኪም አድርገን እናወጣዋለን» ብሎናል። አባቱ በሬ ሊሸጥ ነው። ምን ትሉኛላችሁ?

መምህር ከእነዋሪ

እትዬ፣ በሬውን አይሽጡ። በመጀመሪያ፣ የግል ኮሌጅም ቢሆን ለዲግሪ የሚመዘግበው መንግሥት ያወጣውን የመግቢያ ነጥብ ያሟላ ተማሪ ነው። «ነጥቡ ችግር የለውም» የሚል ሰው ልጅዎን ዓመታት አስተምሮ መጨረሻው ላይ ማስረጃው ተቀባይነት እንዲያጣ ነው የሚያደርገው። ሁለተኛ፣ ኮሌጁ ዕውቅና ያለው መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ያ የትምህርት መስክ፣ በዚያ ካምፓስ፣ ዕውቅና ያለው መሆን አለበት። ይህን የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው፤ ደብዳቤውን አሳዩኝ ይበሉ፤ ቀኑ ያለፈበት መሆኑንም ይዩ። የግል ተማሪም የመውጫ ፈተናውን ይፈተናል፤ እሱ ላይ የሚያድን ገንዘብ የለም።

ልጅዎ ሪሜዲያል ደርሶት እንደሆነ ይጠይቁልኝ። ካልደረሰውም በግል ተፈታኝነት ዳግም መፈተን ይችላል። በውስጥ መልእክት ይጻፉልኝ፣ የሚያጠናውን አብረን እናያለን።

እናት ከሞላሌ

መምህር፣ እድሜ ይስጥልኝ። ዛሬውኑ ለአባቱ እነግረዋለሁ።

ዩኒቨርሲቲ ግቢ የተፈተነ

ለተፈታኞች፣ ደብረ ብርሃን ግቢ ለምትመደቡ፦

ብርዱን አትናቁ። ከተማዋ ከ2,800 ሜትር ያላነሰ ከፍታ ላይ ናት፤ ክረምት መግቢያ ላይ ሌሊቱ አጥንት ይገባል። የመንዝ ልጆች ትችሉታላችሁ፤ ከሸዋ ሮቢት፣ ከአጣዬ፣ ከቆላው የምትመጡ ግን ጋቢና ብርድ ልብስ ያዙ። በብርድ ሌሊቱን ያልተኛ ልጅ ጠዋት ሒሳብ ላይ ያንቀላፋል። የመፈተኛ ካርዳችሁን ፎቶ ኮፒ አድርጋችሁ ለየብቻ አስቀምጡ። ስልክና ማንኛውም ኤሌክትሮኒክስ ከቤት እንዳይወጣ፤ ኪስ ውስጥ ተረስቶ መገኘቱ ብቻ ከፈተና ያስወጣል። ገና ስትደርሱ የፈተና ክፍላችሁን በእግራችሁ ሄዳችሁ እዩት።

በኮምፒውተር የምትፈተኑ ካላችሁ፣ ማውዝ ይዛችሁ የማታውቁ ከሆነ ከአሁኑ ተለማመዱ። ጥያቄውን እያወቀ ገጽ መቀየር አቅቶት የሚጨነቅ ልጅ አይቻለሁ።

የመሐል ሜዳ ልጅ

ሁላችሁንም አነበብኩ፤ ሁለት ጊዜ። የወሰንኩትን ልጻፍ፣ ስህተት ካለበት አርሙኝ።

እንግሊዝኛና አፕቲትዩድ በየቀኑ፣ ሌሎቹ በፈረቃ። ውጤት ሲወጣ ከላይ ጎንደርና ጅማን እሞላለሁ፤ ለአዲስ አበባው ፈተናም እመዘገባለሁ። ለአባቴ ጎንደር ሩቅ ነው ብሎ እንዳይከለክለኝ የዶክተርን ጽሑፍ አንብቤለታለሁ። የወተት ጥርሱ ጋ ስደርስ እናቴ ተነሥታ ወጣች፤ ለታናሽ ወንድሜ አስደርጋ ነበር። ማታ ላይ መጥታ «የሚቀጥለው ሕፃን ላይ አይደረግም» አለችኝ፤ የአጎቴ ሚስት ነፍሰ ጡር ናት።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ትምህርት ቤታችን ኮምፒውተሮች አሉ፣ ግን መብራት በሚመጣበት ሰዓት ክፍሉ ይቆለፋል። የአፕቲትዩድ ጥያቄዎቹን በወረቀት የት አገኛለሁ?

ጎንደር ዴንቲስትሪ

ከጎንደርና ከጅማ የትኛው ይቅደም ብለሽ አትጨነቂ፤ ሁለቱም ጥርስ ሕክምና አላቸው። ከሁለቱ ቀጥለሽ የምትሞዪውን ግን ዝም ብለሽ አትሙዪ፤ ጥርሱ ባይሆን ልትማሪው የምትወጂው የጤና ትምህርት ያለበትን ምረጪ። ግቢ ስትደርሺ እዚሁ ጻፊልኝ፤ የፍሬሽማን ሞጁሎቼ አሉ፣ የሎጂኩ ላይ ማስታወሻ ጽፌበታለሁ።

መምህር ከእነዋሪ

ልጄ፣ የአፕቲትዩዱን የበርካታ ዓመታት ጥያቄ ከነመልሱ አሳትሜ ለተማሪዎቼ አድያለሁ፤ ትርፍ አለኝ። ቅዳሜ ደብረ ብርሃን እመጣለሁ። የመሐል ሜዳ መኪና ከሚነሣበት መናኸሪያ ለሾፌር እሰጥልሻለሁ፤ የትምህርት ቤትሽን ስም በውስጥ መልእክት ላኪልኝ፣ በርዕሰ መምህሩ ስም አድርጌ እልከዋለሁ። አብረውሽ የሚያጠኑት ስንት እንደሆኑም ንገሪኝ፣ ለሁሉም እንዲደርስ። የኮምፒውተር ክፍሉንም ጉዳይ በዚያው ወረቀት ላይ ለርዕሰ መምህሩ ጽፌ እጠይቅልሻለሁ።

የመሐል ሜዳ ልጅ

ሰባት ነን መምህር። ላክሁልዎ።